ለእንቁጣጣሽ የማይደርስ ቀለም

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድበው አንድ የኮልፌ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ፣ አንዲት እናት ከጎረምሳ ልጃቸው ጋር የመጽሐፍ መደርደሪያ ይዘው ቆመዋል። መደርደሪያውን የሠራው ልጁ ነው። ከሞራሌና ከኮምፖልሳቶ ቆርጦ፣ በኮላና በምስማር አያይዞ፣ ነጭ የዘይት ቀለም ሁለት እጅ ቀብቶታል። ማዕዘኑ ልክ ነው፤ ሲነቀንቁት አይወዛወዝም። እጅ ሲያርፍበት ግን ይቧጭራል። የብሩሹ መስመር ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ከታችኛው ጠርዝ ቀለሙ ወርዶ እንደተንጠለጠለ ደርቋል፤ በአንደኛው ጎን ደግሞ ቡናማ ክብ ነጩን አልፎ ወጥቷል።

«ወንድሜ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ ልስልስ እንዲል አንድ እጅ ቢደርቡልንና ለእንቁጣጣሽ ቤት ብናስገባው» አሉ እናት።

ባለሙያው ወዲያው አልመለሱም። የጣሪያውን አምፖል አጠፉና የስልካቸውን መብራት ወደ መደርደሪያው ጎን አስጠግተው፣ ብርሃኑ በቀለሙ ላይ ተኝቶ እንዲያልፍ አድርገው ያዙት። በአምፖሉ ሥር ደህና ይመስል የነበረው ነጭ ገጽ በጥላ ተሞላ። መጋዙ ያለፈበት፣ የምስማሩ ራስ የሰመጠበት፣ ኮላው ፈስሶ የደረቀበት፣ የብሩሽ ፀጉር ተነቅሎ የቀረበት ሁሉ ታየ።

«እህቴ፣ አንድ እጅ ቢደረብ ይኼ አይጠፋም» አሉ፤ «እንዲያውም ይጎላል። ለእንቁጣጣሽም አይደርስም።»

በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች ስዘዋወር ደጋግሜ የሰማሁት የእኚህን እናት ጥያቄ ነው፤ ምን ዓይነት ቀለም ብገዛ ነው እንደ ሱቅ ዕቃ የሚሆንልኝ? ዕቃውን ራሱ የሠራ ሰው ለእንጨቱ ይጨነቃል፣ ለመጋጠሚያው ይጨነቃል፣ መጨረሻ ላይ ውድ ቀለም ገዝቶ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ልስላሴው ግን አብዛኛው የሚሠራው የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ነው። የቀረው የሚሠራው ደግሞ በአንዱ ቅብና በሌላው ቅብ መካከል፣ ማንም ዕቃውን በማይነካበት ሰዓት ነው።

ምክንያቱ ውፍረት ነው። አንድ እጅ ቀለም ሲደርቅ ከአንድ የሰው ፀጉር ይቀጥናል። እንዲህ የሳሳ ነገር ጉድጓድ አይሞላም፤ ከሥሩ ያለውን ወጣ ገባ ተከትሎ ይተኛል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ከሆነማ ብርሃኑን እየመለሰ ጉድለቱን ሁሉ ያሳያል። ጣት ደግሞ ዓይን ያለፈውን አያልፍም። በ2013 እ.ኤ.አ. በስዊድን የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋም የተደረገ ጥናት፣ የሰው ጣት ሲንቀሳቀስ 13 ናኖሜትር ብቻ ከፍታ ያለውን ሽብሽብ ከልሙጥ ገጽ መለየት እንደሚችል አሳይቷል። ባለሙያው ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚዳብሱት ለዚህ ነው።

እንጨቱ ሳይደርቅ

ልጁ መደርደሪያውን የሠራበት ሞራሌ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ ነው፤ ለቤት ዕቃ ግን አስቸጋሪ ነው። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በውስጡም ታኒን የሚባል ቀለም ሰጪ ነገር አለ። የዱሮ አናጢዎች ምርጫ ዋንዛ ነበር። ዋንዛ ሲላግ የሚታዘዝ፣ ከደረቀ በኋላ ብዙም የማይንቀሳቀስ እንጨት ነው። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ መከልከሉም ተገቢ ነበር። በመሆኑም ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው እጅ የሚገባው ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ፓቱላ፣ ኮምፖልሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። እነዚህ ተፈጥሯዊ መልካቸውን ለማሳየት በቫርኒሽ ብቻ ከሚታለፉ ይልቅ ቀለም ቢቀቡ የሚያምሩ ናቸው።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ በሆነበት ክፍል የተቀመጠ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውኃ ይዞ ይረጋል። እርጥበቱ 80 በመቶ ሲደርስ የሚይዘው ውኃ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። በክረምት የአዲስ አበባ አየር ወደ 80ው ይጠጋል፤ በበጋ ወደ 50ው ይመለሳል። አንድ ክንድ የማይሞላ ስፋት ያለው ሰሌዳ በዚህ መሀል ጥቂት ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ይጠብባል። ነሐሴ ላይ የተገጠመና የተቀባ በር ጥር ላይ መጋጠሚያው ላይ የቀጭን ክር ያህል ስንጥቅ ሲያወጣ፣ ባለቤቱ ቀለሙን ይራገማል። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው የተቀባው። ጣውላ ከመጋዘን ወይም ከዝናብ ካመጡ በኋላ ዕቃው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ በመሀሉ አየር እንዲገባ ቁራጭ እንጨት እያስገቡ ደርድሮ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ከማንኛውም ውድ ቀለም ይበልጣል።

ያ በመደርደሪያው ጎን የወጣው ቡናማ ክብስ? ቅርንጫፍ ከግንዱ የወጣበት ጠንካራው ጉጥ ነው። ጉጥ ውስጥ ሙጫና ታኒን ስለሚጠራቀም፣ በላዩ የተቀባው ነጭ ቀለም ያረጥበውና ወደ ላይ ይስበዋል። ቀለም በተደረበ ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። የሚያቆመው ሼላክ ነው። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ሲሆን፣ በአልኮል ይሟሟል። ጉጡ ላይ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ ቀብቶ ማድረቅ ነው። አልኮሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ የሚቀረው ስስ ሙጫ የእንጨቱን ቀለም ከሥር አፍኖ ያስቀረዋል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሁሉንም ልላጠው?» አለ ልጁ።

«አይ፣ ልጄ። አጥብቆ የያዘው ይቆይ። የተንጠለጠለውንና የሻከረውን አውርደው።» አሉና አንድ ቁራጭ እንጨት ላይ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ሰጡት።

ስለ ብርጭቆ ወረቀት ጠለቅ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር መነሻው ወንፊት ነው፤ ፍርፋሪው በተነፋበት ወንፊት አንድ ኢንች ውስጥ ያለውን የቀዳዳ ብዛት ያመለክታል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይልማል። 80 ቁጥር የመጋዝ ምልክት ያጠፋል፤ የራሱን ጭረት ግን ይተዋል። የ80ን ጭረት 120 ያጠፋዋል፣ የ120ን 180፣ የ180ን 220። ከ80 ዘሎ ወደ 220 የሚሄድ ሰው ላቡን ያፈሳል እንጂ ጥልቁን ጭረት አያነሳም። ጭረቱ ደግሞ በባዶ እንጨት ላይ አይታይም፤ ቀለም ሲያርፍበት ነው የሚወጣው። ወረቀቱ ሁልጊዜ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ይሂድ፤ ቃጫውን አቋርጦ የሄደ ጭረት ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታያል። ሜዳው ላይ ሲሠሩ ደግሞ ወረቀቱ በጠፍጣፋ ነገር ይጠቅለል። በባዶ እጅ የታሸ ሜዳ ጣቶቹ በተጫኑበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ለስላሳው ክፍል ከጠንካራው ቀድሞ ይበላል።

220 ላይ መቆም ይበቃል። ባዶ እንጨትን ከዚያ በላይ ማለስለስ ለቫርኒሽ ሊጠቅም ይችላል፤ ለቀለም ግን የሚይዝበትን ነገር ያሳጣዋል።

እዚህ ላይ ባለሙያው ለልጁ ያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ብዙዎች ፈጽሞ የማያውቁት ነው። ያለሰለሱትን ጣውላ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ተዉት። ሲደርቅ ያ እንደ መስታወት የነበረው ገጽ እንደገና ሻከረ። ወረቀቱ ቆርጦ ሳይሆን አስተኝቶ ያለፋቸው አጫጭር ቃጫዎች ውኃ ጠጥተው ተነሡ። በውኃ የሚቀጥን ቀለም በቀጥታ ቢቀባ ኖሮ ቃጫዎቹ በቀለሙ ውስጥ ተነሥተው፣ እዚያው ደርቀው ይቀሩ ነበር። አስቀድሞ በጨርቅ ካስነሷቸው ግን 220 ቁጥር በስሱ ሲያልፍባቸው ተቆርጠው ይወድቃሉ። ዳግመኛ አይነሡም፤ ቢነሡም ጥቂት ናቸው። ሥራው አንድ እርጥብ ጨርቅና አንድ ሌሊት ይፈልጋል።

ስቱኮና የመጀመሪያው ነጭ

የምስማር ቀዳዳ፣ የመጋጠሚያ ክፍተት፣ የኮምፖልሳቶ ጠርዝ፣ ሁሉም በስቱኮ ይሞላል። ብዙ አናጢ ሰጋቱራን ከኮላ ጋር ለውሶ ይሞላል። ይህ ለጊዜው ይሠራል፤ ሲደርቅ ግን ውኃው ስለሚወጣ ይሰምጣል፤ ኮላው ያለበት ቦታም ቀለሙን እንደ እንጨቱ አይጠጣም። በውኃ ወይም በቲነር የሚለሰልስ ማንኛውም ስቱኮ ሲደርቅ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዴ በወፍራሙ ከመሙላት ይልቅ ሁለቴ በስሱ፣ ከገጹ ትንሽ ከፍ አድርጎ መሙላትና ሲደርቅ መፈግፈግ ይሻላል። ለትልቅ ጉድጓድ የመኪና ገላ አስተካካዮች የሚጠቀሙበት ባለ ሁለት ክፍሉ ስቱኮ ይመረጣል። ከቱቦው የሚጨመረው ማጠንከሪያ ከጠቅላላው ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የሚጠነክረው በመትነን ሳይሆን በኬሚካላዊ ውሕደት በመሆኑ ብዙም አይሰምጥም። የሚሠራበት ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለሚሞሉት ጉድጓድ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚለውሱት።

ኤምዲኤፍ ለቀለም የተሠራ ይመስላል፤ ሜዳው ጉጥም የቃጫ አቅጣጫም የለውም። ጠርዙ ግን ውኃን እንደ ጉድ ይጠጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ በስስ ስቱኮ ወይም በፕራይመር ደጋግሞ ሳይደፍኑ መቀባት የሱቅ ዕቃና የቤት ዕቃ ከሩቅ የሚለዩበትን ምልክት መተው ነው።

ከዚያ ፕራይመር ይመጣል። ፕራይመርን ገንዘብ ማባከኛ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን አንድ ሰው ገንዘቡ ለፕራይመር ወይም ለውድ ቀለም ብቻ የሚበቃው ቢሆን ፕራይመሩን እንዲገዛ እመክራለሁ። ፕራይመር የእንጨቱን ጥም ያቆማል፤ ለቀለሙ መያዣ ይሆናል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ደግሞ ሳይላቀቅና ወረቀቱን ሳይደፍን ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ጥሩ ነጭ ፕራይመር ከተቀባ በኋላ ባዶው እንጨት ላይ ያልታየ ጉድለት ሁሉ ይወጣል። ባለሙያዎቹ በዚህ ሰዓት እርሳስ ይዘው ጉድለቱን እየከበቡ እንደገና ስቱኮ ይቀባሉ፣ ይፈገፍጋሉ፣ ሁለተኛ እጅ ፕራይመር ይደርባሉ። ፕራይመሩ በ320 ቁጥር ሲፈገፈግ የሚወርደው ዱቄት በደረቅ ጨርቅ ቢጠረግ ይበተናልና በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይነሣል።

እንጨትን ከቀለም በፊት በነጭ አልብሶ ማለስለስ በሀገራችን የቆየ ሙያ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የዚያ ዘመን የሰሌዳ ሥዕሎች ቀለማቸው ያረፈው በጀሶ በተለሰነ እንጨት ላይ ነው። ሠዓሊው የቅዱሳንን ዓይን በቀጭን መስመር መሳል የቻለው ከሥሩ ያለው ነጭ ገጽ ቃጫ የሌለው ስለነበር ነው። ሥራዎቹ ዘመናትን ተሻግረው ዛሬ ድረስ ይታያሉ። መደርደሪያ ለሚሠራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በደጋ ላይ መቀባት

ቀለሙ ራሱ ምንድን ነው? የዘይት ቀለም የሚባለው ሲደርቅ ሁለት ነገር ይሆናል። አስቀድሞ ማቅጠኛው አኳራጅ ይተናል፤ ከዚያ የቀረው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይያያዛል፣ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚደርቀው፤ ለዚህም ነው ብሩሽ የተወውን መስመር ራሱ ተኝቶ የሚያስተካክለው። ነጩ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። በውኃ የሚቀጥነው ቀለም ነጭነቱን ይጠብቃል፣ ሽታው ቀላል ነው፤ ሆኖም ውኃው ሲወጣ ጥቃቅን የፕላስቲክ ነጠብጣቦች ተጠጋግተው መቅለጥ አለባቸው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይህ በደንብ አይሆንም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከዚያ በታች ስለሚወርድ፣ አመሻሹ ላይ በውኃ ቀለም የተቀባ ዕቃ ሲነጋ ዱቄት የመሰለና የማይጠነክር ገጽ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሥራ ቤቶቹ ከሁሉ የሚወዱት ናይትሮ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያቀረበው ይህ ዓይነቱ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ የኦክላንድ መኪኖች ላይ ሲውል፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የመኪና ቀለም ወደ ሰዓታት አውርዶታል። የሚደርቀው በቲነሩ መትነን ብቻ ስለሆነ በአንድ ቀን ብዙ እጅ ይደረባል። ቲነሩ ግን ኃይለኛ ነው። ገና ባልጠነከረ የዘይት ቀለም ላይ ናይትሮ ቢረጭ የታችኛው ቀለም ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ እየተላጠ ይነሣል። የእናትየው «አንድ እጅ ይደረብ» ቢፈጸም ኖሮ መደርደሪያው የሚደርስበት ዕጣ ይኼ ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቲነርና አኳራጅም እንደዚሁ ቶሎ ይተናሉ። በበጋ ፀሐይ ላይ የሚቀባ ሰው ቀለሙ ብሩሹ ሥር ሲጎተት የሚሰማው ለዚህ ነው፤ ቀለሙ ተኝቶ ለመስተካከል ጊዜ ሳያገኝ ይያዛል። ስለዚህ በጥላ ሥር፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በጠዋት መቀባት ይበጃል። ቀለሙም ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይቅጠን፤ ቶሎ የማይተን ማቅጠኛ ከተገኘ እሱ ይመረጣል።

የክረምቱ ችግር ሌላ ነው። በሌላ ሥራ ቤት አንድ ወጣት የቁም ሳጥን በር ናይትሮ ሲረጭ አይቻለሁ። ውጭ ዝናብ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ሲያርፍ ያብረቀርቅ ነበር፤ ከደቂቃዎች በኋላ መሀሉ ላይ ነጭ ጭጋግ ወጣበት። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛው ገጽ ከእርጥቡ አየር ውኃ ይሰበስባል፤ ውኃው ቀለሙ ውስጥ ታስሮ ይነጣል። ወጣቱ አልደነገጠም፤ ሥራውን አቁሞ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ። አየሩ ሲደርቅ ቀስ ብሎ በሚተን ቲነር ስስ አድርጎ ረጨበትና አብዛኛው ጭጋግ ጠፋ። አንዳንድ ቦታ ግን ወንዶች ልጆች ጭጋጉን በወፍራም ቅብ ሊሸፍኑ ሲታገሉ አይቻለሁ፤ እርጥበቱን ከሥር ቆልፈው ማስቀረታቸው ነው።

ኮምፕሬሰር ያለው ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች ግልጽ ናቸው። ቀለሙ በናይለን ስቶኪንግ ይጠለል። የመርጫ ሽጉጡ አፍ ከዕቃው ከ15 እስከ 25 ሴንቲሜትር ይራቅ። እጅ ከእንጨቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሂድ፤ በቅስት ከዞረ መሀሉ ይወፍራል፣ ዳሩ ይሳሳል። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ። ሽጉጡ ሲርቅ ወይም ቀለሙ ሲወፍር ነጠብጣቦቹ ግማሽ ደርቀው ያርፉና የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ይወጣል። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ በየዕለቱ ይፍሰስ፤ በክረምት በተለይ።

ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ኮምፕሬሰር አያስፈልገውም። ኮልፌ ያየሁት መደርደሪያ በመጨረሻ የተቀባው በስፖንጅ ሩሎ ነበር። በሩሎ ስስ አድርጎ ማዳረስ፣ ከዚያ ሳይቆይ ጥሩ ብሩሽ ባዶውን፣ ሳይጫኑ፣ ጫፉን ብቻ እያስነኩ ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቅጣጫ ማሳለፍ ነው። ከዚያ መተው። መያዝ የጀመረ ቀለም ላይ ተመልሶ ብሩሽ ማሳለፍ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። የቀረች ነጠብጣብ ብትኖር ነገ በ400 ቁጥር ትነሣለች። ሜዳው ሁሉ አግድም ተኝቶ ቢቀባ ቀለሙ አይወርድም፤ በሩን ከማጠፊያው ፈትቶ ማስተኛት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የደረቀና የጠነከረ

ብዙ ሰው ቀለም ደረቀ የሚለው ጣት ሳይዝ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ግን ገና አልጠነከረም። የውኃ ቀለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለጣት ይደርቃል፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ግን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። የዘይት ቀለም በእያንዳንዱ እጅ መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ በክረምት ከዚያ ይበልጣል። ዕቃው ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን የተጫነበት፣ በሩ የተዘጋበት፣ መጻሕፍት የተደረደሩበት በሁለተኛው ቀን ከሆነ፣ ሲነሣ ቀለሙ ተላጦ አብሮ ይመጣል።

ሁሉንም ደምሩት። እንጨቱ ቤት ለምዶ እስኪደርቅ፣ እርጥብ ጨርቁ፣ ሁለቱ ስቱኮ፣ ሁለቱ ፕራይመር፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱ እጅ ቀለም፣ በየመሀሉ ያለው አንድ አንድ ቀን፣ ከዚያ የመጠንከሪያው ሳምንታት። ይህ ሁሉ ነሐሴ ውስጥ አይገባም። እኛ ግን ቤታችንን የምናድሰው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ትዕዛዙ የሚበዛው ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ በሚበረታበት ወር ነው። ሥራ ቤቶቹ ደንበኛ እንዳያጡ ይቀበላሉ፤ በየመሀሉ ያለውን ቀን ይሰርቃሉ። ደንበኛው ደግሞ የቀለሙን ዋጋ ይከራከራል እንጂ ስንት ቀን እንደቆየ አይጠይቅም። የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ትዕዛዝ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ አየሩ ከክረምቱ ይልቅ ደረቅ ነው። የኮልፌው ባለሙያ ለእናትየው የሰጡት ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነበር። እናትየው ቅር አላቸው፤ ልጁ ግን በየከሰዓቱ እየመጣ ራሱ እንዲፈገፍግ ተፈቀደለት።

ስለ ጤና ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። በከተማችን ሥራ ቤቶች ልጆች አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ሙሉ ቀን ሲፈገፍጉ ይውላሉ፤ ሻርፕ አያድንም። የአፍ መሸፈኛ ጭምብል ብናኝ ያስቀራል፤ የቲነር ተን ግን ያልፈዋል፤ ለተን የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን የፖሊዩሬታን ቀለም ቤት ውስጥ አትርጩ፤ በውስጡ ያለው ኢሶሳያኔት አስም ያመጣል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያነሣ ይችላል፤ ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ነው።

አሮጌ ዕቃ የምታድሱ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዱሮ ቀለሞች፣ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ውስጥ እርሳስ ነበር። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በየቤታችን አለ። ያን ቀለም በደረቁ መፈግፈግ መርዙን ወደ አየር መበተን ነው፤ ለሕፃናት አእምሮ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የለም። በውኃ እያረጠቡ፣ በውኃ በሚሠራ ወረቀት፣ ልጆች በሌሉበት ፈግፍጉ፤ ጭቃውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ቁም ሳጥን ወይም አልጋ የምታስቡ፣ ራሳችሁ የምትሠሩም ሆነ የምታሠሩ፣ በሚያዝያ ጀምሩ። የምታሠሩ ከሆነ ከዋጋው በፊት ስንት እጅ ፕራይመር እንደሚቀባና በየመሀሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቁ፤ ለዚያ ቀን ክፈሉ። የሚፈገፍጉትን ወጣቶች ጭምብል ከሌላቸው ገዝታችሁ ስጡ።